በልጄ ደም ሥር ውስጥ የነበረው ብረት

በዚያ ቀን የነበርነው ልጄ፣ ባሏ፣ የባሏ እናት እማሆይ፣ እኔ፣ ጭኔ ላይ የተኛችው የልጅ ልጄ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ዶክተር፣ ከእሱ ጋር ገብቶ የሚማረው የጎንደር ወጣት ሐኪም፣ ዕቃ የምታቀብለው ነርስና በሩ ላይ የተቀመጠው ጥበቃ ነን። በኮሪደሩ ብዙ ሰው ያልፍ ነበር፤ እነሱን አልቆጥርም። ልጄ ከሐኪሞቹና ከነርሷ ጋር ውስጥ ነበረች። እኛ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን በሩን እናያለን። በሩ ላይ ራጅ የሚነሣበት ክፍል መሆኑን የሚያሳይ ቢጫ ሥዕል ተለጥፎበታል፤ ነፍሰ ጡር እንዳትገባ የሚል ጽሑፍም አለው። እሱን ደጋግሜ አነበብሁት።

ውስጥ የሚሠራው ሥራ ደም ከእግር ወደ ልብ ከሚመልሰው፣ በሆድ ውስጥ ከሚያልፈው ትልቅ ደም ሥር አንድ ትንሽ ብረት ማውጣት ነበር። ብረቱ ወደ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እዚያ ተቀምጧል። መቀመጥ የነበረበት ለጥቂት ወር ነው። ከወጣ ልጄ መድኃኒቷን ጨርሳ እንደ እኩዮቿ ትኖራለች። ካልወጣ ደሙ እዚያው እየረጋ ደም ሥሩን ሊደፍነው፣ ብረቱም አጠገቡ ያለውን አካል ሊወጋ ይችላል ብለውናል። ሲወጣም ደም ሥሩ ሊቀደድ ይችላል ብለውናል። ሁለቱንም ሰምተን ነው የመጣነው።

ብረቱ የገባው በወለደች ሰሞን ነው። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ስለሆነ ሆዷ ሲገፋ ከባሏ ቤት ወደ እኔ መጣች። ቤቴ ቁስቋም ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሲወርዱ። አራዳ ገበያ ድንችና ሽንኩርት እሸጣለሁ፤ ያን ሰሞን ግን መደቤን ለጎረቤት ትቼ ቤት ዋልሁ። ምጡ ጠናባትና ሐኪም ቤት በኦፕሬሽን አዋለዷት። ሴት ልጅ ተወለደች። ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ግራ እግሯ አበጠ። የአራስ እብጠት ነው ብዬ ቅቤ አቅልጬ ላሸው ስል እግሯን ሰበሰበች። እሳት ነው፣ አትንኪኝ አለች። በማግስቱ ትንፋሽ አጠራት፤ ተቀምጣ እንኳ አየሩ አልደርስ አላት። ባሏ ሚኒባሱን ደጅ አቁሞ አቅፎ አወጣት።

በእግሯ ያለው ደም ረግቷል፤ ከዚያም ቁራጭ ተነሥቶ ሳንባዋ ገብቷል አሉን። ደም የሚያቀጥን መርፌ ሰጧት። መርፌው ሲሰጣት ደግሞ የኦፕሬሽኑ ቁስል ከውስጥ ይደማ ጀመር። ደሟን ካላቀጠኑት ይረጋል፤ ካቀጠኑት ይፈስሳል። እኔ በትምህርት አምስተኛ ክፍልን አላለፍሁም፤ ይህን ለመረዳት ግን ትምህርት አላስፈለገኝም። የሐኪሞቹ ፊት ይነግረኝ ነበር።

ያን ሳምንት ይህ የአዲስ አበባው ዶክተር ለማስተማር ጎንደር መጥቶ ነበር። ዕድሜው ከታናሽ ወንድሜ አይበልጥም። አንቱ ስለው፣ ልጅዎ ነኝ፣ አንተ ይበሉኝ አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንተ እለዋለሁ። ነገሩን በወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳን። ጨርቁ የተገፈፈ ትንሽ ጃንጥላ የሚመስል ብረት አለ፤ ታጥፎ በአንገት ደም ሥር ይገባል፤ ሆድ ውስጥ ሲደርስ ይዘረጋል፤ ከእግር የሚመጣውን የረጋ ደም እዚያው ይይዘዋል፤ ወደ ሳንባ አያሳልፈውም።

የልጄ ባል ከማራኪ ፒያሳ የሚመላለስ ሚኒባስ ሾፌር ነው። እኛ ሥዕሉን ስናገላብጥ እሱ ቶሎ ገባው።

«ፊልትሮ ነዋ» አለ።

ዶክተሩ ሳቀ። «ነው። የማኪና ፊልትሮ ሳይነሣ ሲቆይ ምን ይሆናል?»

«ይደፈናል። ማኪናዋም መንገድ ላይ ትቆማለች።»

«እንግዲያው ይህንንም እንደዚያ ቁጠረው። ለጊዜው ነው የማስገባው። ቁስሏ ሲድንና ማቅጠኛውን ስትችል አወጣዋለሁ። ከቆየ ሥጋ ይበቅልበታል።»

ያን ቀን እንዲህ ያለው ብረት ለሁለት ሴቶች ገባ። ሁለተኛዋ አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ የተኛች የሳንጃ ሴት ናት። ለሰሊጥ አጫጆች ምግብ ታበስል ነበር። ሰሊጥ ከጫነ አይሱዙ ላይ ወድቃ ጭኗ ተሰበረ፤ ብዙ ስትተኛ የእሷም ደም ረጋ። አጥንቷን ሊሠሩላት ስለነበር ደሟን ማቅጠን አልቻሉም። ከልጄ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች። ቀጭን ረጅም ናት፤ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት፤ ስትስቅ በእጇ አፏን ትይዛለች። ታላቅ ወንድሟ ያስታምማት ነበር፤ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ልጄም እሷን ተከትላ አያ ትለው ነበር።

ልጄ ያን ሰሞን እንባዋ ቅርብ ነበር። ያቺ ሴት ከአልጋዋ ሆና ትጣራለች።

«ምነው ፊትሽን ቋጠርሽው? እኔ ጭኔ ተሰብሮ ስስቅ፣ አንቺ ሸጋ ልጅ ወልደሽ ታለቅሻለሽ? አምጪያት ወዲህ፣ እኔ ልውሰዳት።»

ሕፃኗን ወስጄ ደረቷ ላይ አስቀምጥላታለሁ። እሷ አልወለደችም። እግሬ ሲድን እወልዳለሁ፣ ያኔ አንቺ ታርሽኛለሽ ትላታለች ልጄን። ልጄ ትስቃለች። ብረቱ ከገባላቸው በኋላ ሁለቱም አንገታቸው ላይ አንድ ዓይነት ፋሻ ነበራቸው። ዶክተሩ ከመሄዱ በፊት በመካከላቸው ቆሞ፣ ስመለስ ሁለታችሁንም በአንድ ቀን አወጣላችኋለሁ አላቸው። ሁለቱ ሴቶች ስልክ ተለዋወጡ። እሷ በወንድሟ ተደግፋ ወደ ሳንጃ፣ ልጄ ወደ እኔ ቤት ሄደች።

እቤት እማሆይ ጠበቁን። እማሆይ የሚኖሩት ከዳባት ወጣ ካለ ገጠር ነው። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ደፉ። ምራታቸው ወለደች ሲባል ማርና ቅቤ ይዘው መጡ፤ ክርስትናው እስኪደርስም እኔ ዘንድ ተቀመጡ። ቀልደኛ ናቸው። ሥራ አይመርጡም። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እሳቸው ናቸው፤ የእኔም ቤት ቢሆን።

በእኛ ዘንድ አራስ ያለ ብረት አትተኛም። ትራሷ ሥር ቢላዋ ወይም ማጭድ ይደረግላታል። ወደ ደጅ ስትወጣም ብረት ትይዛለች፤ ብቻዋን አትተውም። ክፉ ነገር ብረት ይፈራል ይባላል። ይህ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ነው፤ ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን። እኔም ስወልድ እናቴ ማጭድ አድርጋልኛለች። ለልጄም ቢላዋ አድርጌላት ነበር።

እማሆይ የልጄን ታሪክ በሙሉ አስነገሩኝ። በሆዷ ብረት አለ ስላቸው ልጄን ዞረው አዩአት። ከዚያ ተነሥተው ቢላዋውን ከትራሷ ሥር አወጡት።

«ከውስጥ ያለው አይበልጥም?» አሉ። «ይህ እንኳ ሽንኩርት ይክተፍበት።»

ቢላዋውን ማድ ቤት ወስደው አኖሩት። ልጃቸው ማታ ከሥራ ሲመጣ ሰማና ሳቀባቸው።

«እማሆይ፣ ቆብ ደፍተው በብረት ያምናሉ?»

«በቆቡም በብረቱም ነው ያሳደግሁህ። ምን ጎደለህ?»

«ቁመት» አለ። አጭር ነው። ሁላችንም ሳቅን፤ ልጄም ሳቀች። ያን ሰሞን ከሳቀችባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ነው።

ቁስሏ ሲጠግግ ደም ማቅጠኛውን በኪኒን ጀመረች። ለደም ምርመራ በየጊዜው ሐኪም ቤት መሄድ ነበረባት። እማሆይ አልከለከሉም። በጋቢ ሸፍነው ራሳቸው ሚኒባሱ ድረስ ይሸኟታል፤ ብረቷ አብሯት ነው ይሉ ነበር። በጥር ነርሷ ደወለች። ዶክተሩ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል፤ ልጅሽ ትምጣ፤ ብረቱ ይወጣላታል አለችኝ። ክርስትናው ገና ነበር።

ለእማሆይ ነገርኋቸው። ስንዴ እየለቀሙ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«ለደም ምርመራ ትሂድ፣ ከለከልሁ?» አሉ። «ስትሄድም ስትመጣም ብረቷ አብሯት ነው። አሁን ግን ይዛ ሄዳ ባዶዋን ልትመለስ ነው። በአራስነቷ።»

«ቢላዋውን እንመልስላታለን» አልኋቸው።

«ከሆዷ አውጥተሽ ከትራሷ ሥር ልታደርጊው? ለክርስትናው ምን ቀረው? ይቆይ። ከክርስትና ወዲያ እኔው ራሴ እወስዳታለሁ።»

ባሏ ወደ እኔ ያያል፤ እኔ ወደ ልጄ። እኔ ሁለቱንም ነበር የምፈራው፤ የብረቱን መቆየትም፣ በአራስነቷ መውጣቱንም። የትኛውን አብልጬ እንደምፈራ ለራሴም አልለይልኝ ብሎ ነበር። ልጄ ሕፃኗን ታጠባለች። አንገቷን ቀና ሳታደርግ፣ ይቆይ አለች፤ አሁን እንደገና የምበሳበት ጉልበት የለኝም። ባሏ ነርሷን ደውሎ ጠየቃት። ዶክተሩ ሌላ ጊዜም ይመጣል፤ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም አለችው። ይመጣል ማለቷን ያዝን።

በዚያው ቀን የሳንጃዋ ሴት ለልጄ ደወለችላት። ለእሷም ተደውሎላት ነበር። ትሄጃለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ልጄ ከክርስትና በኋላ ነው የምሄደው አለቻት። ያቺም፣ እንግዲያው እኔም ያኔ ከአንቺ ጋር እመጣለሁ፣ በክራንች ብቻዬን ምን አደርጋለሁ፣ አብረን ተኝተን አብረን እንነሣለን አለቻት። ይህን ልጄ ናት የነገረችኝ። ያን ጊዜ ሸጋ ነገር መስሎን ነበር።

ክርስትናው ሆነ። ድግሱም ሸጋ ነበር። እማሆይ ልጄን አስከትለው ሐኪም ቤት ሄዱ፤ እንዳሉትም ራሳቸው ወሰዷት። ዶክተሩ ሄዷል። የጎንደሩ ወጣት ሐኪም፣ እኔ ገና እየተማርሁ ነው፣ ማውጫ መሣሪያውም ከእሱ ጋር ነው የሚመጣው አላቸው። አዲስ አበባ ሂዱ አለን። በመኪና እንዳንሄድ መንገዱ አስተማማኝ አልነበረም፤ ይከፈታል ሲባል ይዘጋል። በአውሮፕላን እንዳንሄድ ሕፃኗን፣ እኔንና ባሏን ጨምሮ እዚያ ማረፊያ ይዞ መክረም አቅማችን አልሆነም። ዶክተሩ ይመጣል ይባላል፤ ይቀራል። እማሆይ ወደ አገራቸው ተመለሱ። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት እንዲህ አለፈ።

ልጄ ወደ ቤቷ ማራኪ ገባች። እኔ ከገበያ ስመለስ እሷ ዘንድ ሳልደርስ ወደ ቤቴ አልገባም ነበር። እግሯን አያለሁ። ጠዋት ደህና ይሆናል፤ ማታ ይከብዳል። ጫማ ስታወልቅ የካልሲው ክር ሥጋዋ ላይ ታትሞ ይቀራል። ሕፃኗን ለማንሣት ስታጎነብስ ጀርባዋን ትይዛለች። ያመኛል አትልም፤ እኔም አልጠይቃትም፤ ዝም ብዬ ሕፃኗን ቀድሜ አነሣለሁ። አንድ ቀን፣ እማ፣ እያየሽኝ አትዋይ፣ አንቺ ስታዪኝ ነው የሚያመኝ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ልብስ እያጠብሁ ማየት ጀመርሁ።

የሳንጃዋ ሴት ትደውል ነበር። ኔትወርክ ሲኖር ነው። ክራንቹን ጥላለች፤ ታነክሳለች፤ ሥራ ጀምራለች። በሰኔ ስትደውል ስልኩን እኔም ያዝሁት። ያልተሰበረው እግሬ ደግሞ ማበጥ ጀመረ፣ ተራው ነው መሰለኝ አለችኝ። ሳቀች። ኪኒኑን ትወስጃለሽ ወይ አልኋት። አልቋል፣ ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው ሲገኝ አስመጣለሁ አለች። እኔ ገዝቼ ከሾፌር ጋር እልክልሻለሁ አልኋት። እሺ እማማ አለች። መስመሩ ተቋረጠ። ኪኒኑን ገዝቼ መናኸሪያ ሄድሁ፤ ወደ ሳንጃ የሚሄድ መኪና ግን አልነበረም። በማግስቱም ሄድሁ። ከዚያ በኋላ ስልኳ ዝግ ሆነ።

በነሐሴ ልጄን ሲቲ ስካን አነሷት። ወጣቱ ሐኪም ሥዕሉን ኮምፒውተር ላይ አሳየን። የብረቱን እግሮች እንደ ነጭ ነጥብ አየኋቸው። ብረቱ ጋደል ብሏል፤ እግሮቹም የደም ሥሩን ግድግዳ አልፈው ወደ ውጭ ብቅ ብለዋል አለን። አንዱ ወደ አንጀቷ አቅጣጫ ነው። ነክቷል ወይ አልሁት። አልነካም፣ ግን ቅርብ ነው አለኝ። ባሏ ፊልትሮ ብሎ የቀለደውን አልደገመውም።

ዶክተሩ በጥቅምት መጣ። መምጣቱ በተሰማ ጊዜ መንገዱ ተከፍቶ ነበርና እማሆይም ከዳባት መጡ። አውቶብስ አጉላልቷቸዋል፤ ግን አረፍ በሉ ብንላቸው እምቢ ብለው በቀጥታ ዶክተሩን አገናኙኝ አሉ። ልጄ ለምርመራ በተኛችበት ክፍል አገኙት። መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ዶክተሩ ወንበር ሳበላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ልጄ» አሉት፤ «ብረቱ ነው እሷን የያዛት፣ ወይስ እሷ ናት ብረቱን የያዘችው?»

ዶክተሩ ያልተማሩ ናቸው ብሎ አላለፋቸውም።

«እሷ ናት እማሆይ። ሥጋዋ ይዞታል።»

«በጥር ብታወጣው ኖሮስ?»

«ያን ጊዜ አልያዘውም ነበር።»

እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጄ እጃቸውን ያዘች።  እኔም ስለዚያ ጉዳይ እስከ ዛሬ ለእማሆይ አንድ ቃል ተናግሬያቸው አላውቅም፤ እሳቸውም አልተናገሩኝም።

ብረቱ በሚወጣበት ዕለት ጠዋት በጋሪ ወደ ክፍሉ አስገቧት። ደም የሚያስፈልግ ከሆነ ብለው ባሏና ጓደኞቹ ሾፌሮች ቀድመው ደም ሰጥተዋል። አያስተኟትም፤ አንገቷን ብቻ ነው የሚያደነዝዙት። ውስጥ የሆነውን ኋላ እሷ ነግራናለች። በአንገቷ ቀጭን ቱቦ ገባ። በቱቦው ውስጥ ጫፉ እንደ ወጥመድ የሆነ ሽቦ ሰደዱ። የብረቱ አናት ላይ ትንሽ ሜንጦ አለ፤ ወጥመዱ እሱን ነው የሚይዘው። ብረቱ ስለተጋደለ ሜንጦው ግድግዳው ላይ ተጣብቋል። ሽቦው ያልፈዋል፤ አይዘውም። ዶክተሩ ቀስ ብሎ ለወጣቱ ሐኪም ይናገራል። እሷ ጣራውን እያየች ትሰማለች። በቴሌቪዥኑ ላይ የራሷ አጥንትና ብረቱ ይታያሉ፤ እሷ ግን አላየችም፤ ዓይኗን ወደዚያ አላዞረችም።

እኛ ውጭ ነን። ሕፃኗ ነቃች፤ አባቷ ይዟት በኮሪደሩ ይመላለሳል። እማሆይ በለሆሳስ ይጸልያሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ሲል ጥበቃው በዓይኑ ይለምናቸዋል፤ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ደግሞ ከፍ ይላል። እኔ አልጸለይሁም ማለት አልችልም፤ ግን ሐሳቤ አልሰበሰብ ብሎኝ ነበር። የበሩን ጽሑፍ አነባለሁ።

በሩ ተከፈተና ዶክተሩ ወጣ። ከባድ ሰማያዊ ሽርጥ ለብሷል። ጭምብሉን ወደ አገጩ አወረደው። ሁላችንም ተነሣን።

«ደህና ናት» አለ አስቀድሞ። «ብረቱ ግን አልለቀቀም። በቀላሉ የምንስብበትን መንገድ ሞክረን አልሆነም። ሌላ መንገድ አለ፤ ጠንከር ያለ ነው። የያዘውን ሥጋ በመቆንጠጫ ከብረቱ ላይ እያላቀቅን እንስበዋለን። እሷን ጠይቄያት እናቴን ጠይቅልኝ አለችኝ።»

ባሏ ወደ እናቱ ዞረ። እማሆይ መስቀላቸውን ወደ እኔ ጠቆሙ።

«እሷ ናት የተጠራችው» አሉት። «እኔን አትየኝ።»

በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም። ምን እንደምል አላወቅሁም፤ የሚጠየቀውን ግን አወቅሁ።

«ብትተወውስ?» አልሁት።

«ማቅጠኛውን ዕድሜዋን ሙሉ ትወስዳለች። እግሯ እያበጠ ይሄዳል። ብረቱም ወዴት እንደሚወጋ እየተከታተልን መኖር ነው።»

«ብትስበውስ?»

«ደም ሥሩ ሊቀደድ ይችላል። ደም አዘጋጅተናል፤ ቀዶ ሐኪምም ተጠባባቂ አለ። አይቀደድም ብዬ ግን ልምልልዎ አልችልም።»

ፊቱን አየሁት። ደክሞታል፤ ግንባሩ ላይ የቆቡ መስመር ቀርቷል። እጁን አየሁት። የበሩን እጀታ ይዟል።

«ሳበው» አልሁት። «እምቢ ካለህ ግን አትታገለው። ትተህልኝ ውጣ።»

«እሺ እናቴ» አለና ተመልሶ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ መናገር አልችልም፤ ረጅም ነበር። እማሆይ መጸለዩን ትተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ትከሻቸው ትከሻዬን ነክቶ ቆየ። ልጄ ኋላ እንደነገረችን፣ ሲስቡት ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ከሥሩ የሚነቀል መሰላት፤ እማ ብላ ተጣራች። እኛ አልሰማንም፤ በሩ ወፍራም ነው። ከዚያ ዶክተሩ፣ በቃ፣ በቃ፣ አለቀ አላት።

ነርሷ ናት ቀድማ የወጣች። እየሳቀች ስለወጣች ሌላ ነገር አልጠየቅናትም። ቀጥሎ ዶክተሩ ብረቱን በጎድጓዳ ዕቃ ይዞልን መጣ። ርዝመቱ ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም። ቀጫጭን እግሮች አሉት። አናቱ ላይ ነጣ ያለ ሥጋ ቢጤ ተጠምጥሞበታል። እግሮቹ በሙሉ አሉ ወይ፣ ተሰብሮ የቀረ የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ነርሷ ቆጥራለች፤ እኔም ቆጠርሁ ብሎ በመቆንጠጫው አንድ በአንድ እየነካ አሳየኝ። ባሏ ሕፃኗን ይዞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

እማሆይ ጎንበስ ብለው ዕቃው ውስጥ ተመለከቱ። 

«ይህ ነው?» አሉ። «እኔ ማጭድ የሚያክል መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ቀና ብለው ዶክተሩን፣ ያችኛዋስ አሉት። የትኛዋ አላቸው። ያቺ የሳንጃዋ፣ ጭኗ የተሰበረው አሉት። ከሁላችን ቀድመው የጠየቁ እሳቸው ናቸው። ዶክተሩ መሣሪያውን ለሁለት ሰው አድርጎ እንዳመጣ ነገረን። ነርሷ ደጋግማ ደውላለች፤ ስልኩ አይሠራም። እሷ ማቅጠኛውን ትወስዳለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በሰኔ አልቆባት ነበር፣ የገዛሁትም እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው አልሁት። እግሯ ያበጠ እንደነበርም ነገርሁት። ጭምብሉን እጁ ላይ ጠቀለለው። ብታገኟት ዛሬ ነገ ሳትል ትምጣ፤ እኔ ባልኖር እንኳ ይህ ልጅ አሁን አይቷል፣ ይደውልልኛል አለና ወደ ወጣቱ ሐኪም ጠቆመ። የእሷ እንዴት ይሆናል ብዬ ጠየቅሁት፤ ከልጅዎ ይልቅ ሳይከብድ አይቀርም አለኝ። እንዲህ ያለው እኔን ሊያስፈራኝ ብሎ አይደለም፤ ስለጠየቅሁት ነው።

ልጄ ዛሬ ደህና ናት። ኪኒኑን ጥቂት ወር ወስዳ አቁመውላታል። ግራ እግሯ ብዙ ስትቆም ይከብዳታል፤ የቀድሞው ጉዳት ነው፣ ይህ ላይጠፋ ይችላል ተብለናል። ጀርባዋን አትይዝም። ልጇ ድክ ድክ ትላለች፤ እናቷ ራሷ ታነሣታለች።

የሳንጃዋን ሴት ስልክ ልጄ አሁንም ትደውላለች። አይጠራም። እኔ ገበያ ስውል ከዚያ በኩል የሚመጡትን እጠይቃለሁ። አንዱ ነጋዴ፣ ወንድሟን አውቀዋለሁ፣ ከዚያ ሠፈር ለቀዋል አለኝ፤ ወዴት እንደሄዱ አላወቀም። ሌላው ወደ ሱዳን ድንበር ሥራ ወርዳለች አለ፤ ግን ስለ እሷ ይሁን ስለ ሌላ ሴት አላረጋገጠልኝም። እማሆይ ወደ ቆላ ገዳማት ለሚወርዱ መነኮሳት ነግረዋል። እስከ ዛሬ የመጣ ወሬ የለም። ልጄ፣ እኔ ብሄድ ኖሮ እሷም በጥር ትመጣ ነበር ትለኛለች። እኔ ሕፃኗን እቀበላታለሁ።

ስለዚህ ይህን የሚያነብ በሳንጃ ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ ባለው አገር ዘመድ ያለው ሰው ቢኖር እጠይቀዋለሁ። ረጅም ቀጭን ሴት ናት፤ ግንባሯ ላይ መስቀል ተነቅሳለች፤ በእግሯ ታነክሳለች፤ አንገቷ ላይ በቀኝ በኩል ትንሽ ጠባሳ አለባት። ለአጫጆች ምግብ ታበስላለች። በሆዷ ያለው ብረት አሁንም ይወጣል፤ ጎንደር ትምጣ። መምጣት ካልቻለች ደግሞ እንዴት እንደሆነች፣ እግሯም እንዴት እንደሆነ፣ ያያት ሰው ወሬ ይላክልኝ።